ድመቴ የሆዷን ጸጉር እየነጨች ነው፤ ምክንያቱ ምን ሊሆን ይችላል?

ጠያቂ፦ የቀበናዋ

ሰላም ለሁላችሁም። ዕድሜዋ አምስት ዓመት የሚሆን ሴት ድመት አለችን። ከክረምቱ መጨረሻ ጀምሮ የሆዷን የታችኛውን ክፍል፣ የሁለቱን የኋላ እግሮቿን ውስጠኛ ጎንና ጭራዋ የሚጀምርበትን አካባቢ በምላሷና በጥርሷ እየነጨች፣ አሁን በእነዚህ ቦታዎች ላይ ቆዳዋ ሙሉ በሙሉ ይታያል። በቆዳው ላይ ቁስልም ሆነ ቅርፊት አላየሁም፤ ለስላሳ ነው፣ የታመመም አይመስልም። ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ከልጆቼም ጋር እንደ ወትሮዋ ትጫወታለች። ይሁን እንጂ ሌሊት ሁሉም ሰው ከተኛ በኋላ ለረጅም ጊዜ ስትልስ ድምፁ ይሰማኛል፤ ጠዋት ደግሞ በምትተኛበት ጨርቅ ላይ የተነጨ ጸጉር በእፍኝ አነሣለሁ።

እስካሁን የተሰጠኝ ምክር እርስ በርሱ የማይገናኝ ነው። ከግቢ ቤት ወደ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የተዛወርነው ነገሩ ከመጀመሩ ጥቂት ቀደም ብሎ በመሆኑ፣ ባለቤቴ ድመቷ የለመደችውን ግቢ ናፍቃ ነው የሚል ጽኑ እምነት አለው። ጎረቤታችን ቁንጫ ነውና ፍሊት ይነፋባት ትላለች፤ እኔ ግን ጸጉሯን ገላልጬ ፈልጌ አንድም ቁንጫ አላገኘሁም። የእንስሳት መድኃኒት የሚሸጥ አንድ ሰው ደግሞ በውሻ ጀርባ ላይ የሚንጠባጠበውን መድኃኒት በግማሽ መጠን ባደርግላት እንደሚበቃት ነግሮኛል። ምግቧ ከገበታችን የሚተርፈው ነው፤ በፍስክ ከልኳንዳ ሳንባ እናመጣላታለን፣ በጾም ደግሞ እንጀራ በሽሮ ትበላለች። ድመት የራሷን ጸጉር የምትነጨው ለምንድን ነው? እኔስ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ የትንንሽ እንስሳት ሐኪም

ውድ ጠያቂ፣ ከሁሉ አስቀድመው ፍሊቱንም የውሻውንም መድኃኒት ይተዉት፤ በግማሽም ሆነ በሩብ መጠን አይሞክሩት። ወደ ጥያቄዎ ልመለስ።

ጤነኛ ድመት ነቅታ ከምትቆይበት ጊዜ ሲሶውን፣ አንዳንዴም እኩሌታውን፣ ራሷን በመላስ ታሳልፋለች። ምላሷ ወደ ጉሮሮዋ በታጠፉ ጠንካራ እሾሆች የተሸፈነ ስለሆነ፣ በልኩ ስትልስ ጸጉሯን ያበጥራል፣ ከልክ በላይ ስትልስ ግን ጸጉሩን ይሰብራል፣ ይነቅላልም። ውሻ ሲያሳክከው በእግሩ እየፎከተ ሰውን ሁሉ ያነቃል፤ ድመት ግን ለማሳከክም፣ ለሕመምም፣ ለጭንቀትም የምትሰጠው መልስ ያው መላስ ነው፤ ይህንንም ብዙውን ጊዜ ተሸሽጋ ወይም ሌሊት ታደርገዋለች። ስለዚህ ባለቤቷ የሚያየው መጨረሻውን፣ ማለትም የተመለጠውን ቆዳ ብቻ ነው፤ ቆዳው ለስላሳና ንጹሕ መሆኑም በሽታ የለም ለማለት አያበቃም። አንዳንድ ባለቤቶች እንዲያውም ጸጉሩ በራሱ የረገፈ ይመስላቸዋል። ይህን ለመለየት ከተመለጠው ቦታ ጠርዝ ጥቂት ጸጉር ወስደን በማይክሮስኮፕ እናየዋለን፤ ጫፉ እየቀጠነ የሚያልቅ ከሆነ ጸጉሩ ራሱ ረግፏል፣ ጫፉ የተሰበረ ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ ድመቷ ልሳው ነው። እርስዎ ስትነጭ ስላዩና ስለሰሙ በዚህ በኩል ጥርጣሬ የለንም።

ቀጥሎ የምንጠይቀው የትኛው ቦታ ነው የሚለውን ነው። ጭራ የሚጀምርበት አካባቢና የታፋ ውስጥ ሲመለጥ በመጀመሪያ የምናስበው ቁንጫን ነው። ራስ፣ ጆሮና አንገት ከሆነ እከክ የሚያመጡ፣ በዓይን የማይታዩ ተባዮችን ወይም ከምግብ የሚመጣ አለርጂን እንጠረጥራለን። ከእምብርት በታች ያለው ሆድ ብቻውን ከሆነ ሽንቷን መመርመር ይገባል። ከአንድ መገጣጠሚያ በላይ ያለ ቦታ ብቻ ከተላሰ፣ በተለይ በዕድሜ የገፋች ድመት ከሆነች፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ሊኖር ይችላል፤ ዐሥር ዓመት ባለፋት ድመት ላይ ደግሞ የታይሮይድ ዕጢዋን መመርመር አይዘነጋም። ይህ አቅጣጫ ጠቋሚ እንጂ ፍርድ አይደለም፤ አለርጂ በየትኛውም ቦታ ሊወጣ ይችላል።

በእርስዎ ድመት ላይ እኔን የሚያሳስበኝ የቁንጫ አለርጂ ነው። ቁንጫ ስትነክስ ምራቋ ወደ ቆዳ ይገባል፤ ለዚህ ምራቅ አለርጂ ያላትን ድመት ደግሞ በጣት ከሚቆጠሩ ንክሻዎች በኋላ ለብዙ ቀናት ያሳክካታል። ሲያሳክካት ትልሳለች፣ ስትልስም ቁንጫዋን ይዛ ትውጣታለች። አለርጂው የበረታባት ድመት ላይ ቁንጫ ማግኘት የሚያስቸግረው በዚህ ምክንያት ነው። በመሆኑም «ፈልጌ አላገኘሁም» ማለትዎ ቁንጫን ነጻ አያወጣውም። ጥርሱ የደቀቀ የቅማል ማበጠሪያ ወስደው ከወገቧ እስከ ጭራዋ ያበጥሯት፤ የወጣውን ጥቁር ብናኝ በእርጥብ ነጭ ሶፍት ላይ አድርገው ትንሽ ይጠብቁ። ተራ አቧራ ከሆነ እንዳለ ይቆያል፤ በዙሪያው ቀይ ቡናማ ቀለም ከረጨ ግን የቁንጫ ዓይነ ምድር ነው፤ ቀለሙም የመጠጠችው ደም ነው።

መልስ፦ ከሻርጃ

እህቴ፣ እኔ በምሠራበት ቤት ሦስት ድመቶች አሉ፤ እነርሱን መመገብና የሚጸዳዱበትን የአሸዋ ሳጥን ማጽዳት የእኔ ኃላፊነት ነው። አንደኛው ወንድ ድመት የሆዱን የታችኛውን ክፍል እየላሰ ጸጉር አልባ አድርጎት ነበር። የቤቱ እመቤት ሰልችቶት ነው ብለው አሻንጉሊት ገዙለት፤ ምንም ለውጥ አልመጣም። እኔ ግን አሸዋውን ስለማጸዳ ሌላ ነገር አስተዋልኩ፤ ወደ ሳጥኑ ይመላለሳል፣ ለረጅም ጊዜ ይቀመጣል፣ የሚወጣው ግን ጠብታ ብቻ ነው። ይህን ስነግራቸው ወዲያው ወደ ክሊኒክ ወሰድነውና የሽንት ፊኛው መቆጣቱ ተገኘ። ሐኪሟ እንዳስረዳችን በብዙ ድመቶች ላይ ይህ ቁጣ ያለ ምንም ባክቴሪያ የሚመጣ ሲሆን፣ ድመቱም ከውስጥ የሚያመውን ቦታ ከውጭ በመላስ ለማስታገስ ይሞክራል። ደረቁን ምግብ በእርጥብ እንድንለውጥ፣ ውኃውን በተለያዩ ክፍሎች እንድናስቀምጥ፣ የአሸዋ ሳጥኖቹም ከድመቶቹ ቁጥር በአንድ እንዲበልጡ አዘዘች። ሕመሙ ሲተወው መላሱም ቀረ፣ ጸጉሩም ተመልሶ በቀለ።

አንቺም አሁን ፎቅ ላይ ስለምትኖሪ ድመትሽ ሽንቷን በቤት ውስጥ መሽናቷ አይቀርም። በቀን ስንት ጊዜ እንደምትሄድ፣ ምን ያህል እንደምትሸና፣ ስትሸና ድምፅ ታሰማ እንደሆነ ተከታተዪ። ይህን ለሚያነብ ሰው ሁሉ አንድ ነገር አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ፦ ወንድ ድመት እየተቀመጠ ሽንት እንቢ ካለው ነገ አይባልም። ቱቦው ተዘግቶ ከሆነ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ይሞታል።

መልስ፦ ባለ ሁለት ድመት፣ ባሕር ዳር

ለሐኪሙ ምክር አክብሮት አለኝ፤ ነገር ግን የጠያቂዋን ባለቤት ሐሳብ እንዲህ ወደ ጎን ማድረጉ ተገቢ አይመስለኝም። እኔ ዘንድ ሁለተኛዋን ድመት ካመጣሁ በኋላ የመጀመሪያዋ የፊት እግሮቿን ጸጉር መንጨት ጀመረች። አዲሲቱ በር ላይ ተጋድማ መንገድ ትዘጋባት ነበር፤ ምግባቸውም በአንድ ሳህን ነበር። መመገቢያቸውን በተለያየ ክፍል አድርጌ፣ ለቀድሞዋ ቁምሳጥን ላይ መውጫ ከሠራሁላት በኋላ መንጨቷን አቆመች። መድኃኒት አልወሰደችም። ድመት ከሰው ይልቅ ከቦታ ጋር የምትቆራኝ እንስሳ ናት፤ ከግቢ፣ ከዛፍና ከፀሐይ ወደ አራተኛ ፎቅ መውጣት እንዴት ቀላል ነገር ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ የትንንሽ እንስሳት ሐኪም

ወንድሜ፣ ጭንቀት ድመትን ጸጉሯን ሊያስነጫት መቻሉን አልክድም፤ የእርስዎም ድመት ታሪክ የሚታመን ነው። የምለው ስለ ቅደም ተከተሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ላይ በወጣ ጥናት፣ ከጭንቀት የተነሣ ጸጉራቸውን ይነጫሉ ተብለው የተገመቱ 21 ድመቶች በሚገባ ተመርምረው ነበር። ከ21ዱ በ16ቱ ላይ አካላዊ በሽታ ተገኘ፤ በ3ቱ ላይ አካላዊ ችግርና ጭንቀት አንድ ላይ ነበሩ፤ ጭንቀት ብቻ የተገኘባቸው 2 ነበሩ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ ድመቶቹም ወደ ልዩ ሐኪም የተላኩ ናቸው፤ ቢሆንም በየዕለቱ ከማየው ጋር ይስማማል። ጭንቀት ነው የምንለው ሌላው ሁሉ ተፈልጎ ሲታጣ እንጂ፣ ቤት መለወጥን የመሰለ ምቹ ምክንያት ስላገኘን መሆን የለበትም።

ይህን አጥብቄ የምለው ነገሩ የሚጎዳት ድመቷን ስለሆነ ነው። «ናፍቃ ነው» ተብላ የተተወች ድመት በውስጧ አለርጂ ወይም ሕመም ካላት ለወራት በስቃይ ትኖራለች፤ ስቃይዋንም አታሰማም። ዝምታዋ በጣም ያሳዝነኛል።

ሁለቱ ነገሮች የሚገናኙበትም መንገድ አለ። የተጨነቀች ድመት ጥቂቱን ማሳከክ መታገሥ ያቅታታል፤ ያለ ጭንቀት በጥቂት መላስ የምታልፈውን ነገር እስኪመለጥ ትልሰዋለች። ስለዚህ እርስዎ ያደረጉት፣ ማለትም ምግብን መለየት፣ ከፍ ያለ መቀመጫና መሸሸጊያ መስጠት፣ በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት ማጫወት፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም። ፍሉኦክሰቲንና ክሎሚፕራሚን የተባሉት መድኃኒቶችም ለእውነተኛው የጭንቀት መንጨት ያገለግላሉ፤ ውጤታቸው ግን ከሳምንታት በኋላ የሚታይ በመሆኑና ያለ ሐኪም ሊሰጡ ስለማይገባ፣ አካላዊው ምርመራ ሳይደረግ ስለ እነርሱ ማውራት ያለ ቦታው ነው።

መልስ፦ ፋርማሲስት ከሐዋሳ

ስለ መርዝ ጉዳይ እኔ ልጻፍ፤ በመደርደሪያችን ላይ ካሉት ነገሮች ድመትን የሚገድሉት ብዙ ናቸውና።

ለውሻ ከሚንጠባጠቡት የቁንጫ መድኃኒቶች ብዙዎቹ ፐርሜትሪን የተባለውን ንጥረ ነገር በከፍተኛ መጠን ይይዛሉ። የውሻ ጉበት ይህን በፍጥነት ሰባብሮ ያስወግደዋል፤ የድመት ጉበት ግን ለዚያ የሚያስፈልገው ሥርዓት በጣም ደካማ ነው። መድኃኒቱ በሰውነቷ ውስጥ ተከማችቶ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ጡንቻዎቿ ይንቀጠቀጣሉ፣ ሙቀቷ ይጨምራል፣ ትወድቃለች፣ ብዙዎችም ይሞታሉ። መጠኑን በግማሽ መቀነስ የሚለው ሐሳብ ድመትን ትንሽ ውሻ አድርጎ የመቁጠር ውጤት ነው፤ ልዩነቱ ያለው በክብደት ላይ ሳይሆን በጉበት ላይ ነው። ለዝንብና ለበረሮ የምንነፋቸው ፍሊቶችም አብዛኞቹ የዚሁ ዘር ኬሚካሎችን የያዙ ናቸው፤ በጸጉሯ ላይ የተነፋውን ሁሉ ደግሞ ልሳ ትውጠዋለች። ለከብት መዥገር የሚረጨው ዲያዚኖን፣ በአንዳንድ ቤት ለቁንጫ የሚቀባው ነጭ ጋዝም እንዲሁ ለድመት መርዝ ናቸው። ለከብት የሚወጋው አይቨርሜክቲን መጠኑ ለድመት ሲለካ በቀላሉ ስለሚያልፍ፣ በተለይ ለድመት ግልገሎች፣ በግምት መሰጠት የለበትም።

አንድ ሰው ይህን ከማንበቡ በፊት የውሻውን መድኃኒት አድርጎላት ከሆነ፣ ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አጥቦ፣ በፎጣ አድርቆ፣ በሙቀት ይዞ ወዲያው ወደ ሐኪም ይሂድ። ሙቅ ውኃ አይጠቀም፤ የቆዳውን የደም ሥር ከፍቶ መርዙን ያስገባልና። አሳዝናን ብሎ ለማስታገሻ ፓራሲታሞል የሚሰጥም ሰው አለ፤ አንዲት የ500 ሚሊግራም እንክብል አንዲት ድመት ለመግደል ትበቃለች። ለድመት የተዘጋጁና «ለድመት» ተብሎ የተጻፈባቸው፣ ፊፕሮኒል ወይም ሴላሜክቲን ያለባቸው መድኃኒቶች አሉ፤ ክብደቷን መዝነው በሐኪም ትእዛዝ ይግዙ።

መልስ፦ የቀበናዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ፍሊቱንም የውሻውንም መድኃኒት ትቻለሁ። የአሸዋ ሳጥኗን ተከታተልኩ፤ ሽንቷ ደህና ነው፣ ስትሸናም አትቸገርም። ማበጠሪያውን ስሞክር ግን ከወገቧ ጥቁር ብናኝ ወጣ፤ በእርጥብ ሶፍት ላይ ሳደርገውም ቀይ ቡናማ ሆነ። ከዚያ በኋላ ልጆቼን ስመለከት በቁርጭምጭሚታቸው ዙሪያ የሚያሳክኩ ትንንሽ ቀይ ነጠብጣቦች አየሁ፤ እነርሱ ትንኝ ነው ብለው ዝም ብለው ነበር። ከእኛ በፊት በቤቱ የነበሩት ተከራዮች ውሻ እንደነበራቸው፣ ቤቱም እኛ ከመግባታችን በፊት ለተወሰነ ጊዜ ተዘግቶ እንደቆየ ጥበቃው ነግሮናል። ግራ የገባኝ ነገር ባዶ ቤት ውስጥ ቁንጫ ያለ እንስሳ እንዴት ይኖራል? ደግሞስ በግቢያችን ሳለች ከቁንጫ ያልራቀች ድመት እዚህ ስትመጣ ለምን ተለወጠች? ስለ ምግቧም የሚባል ነገር ካለ ብትነግሩኝ እወዳለሁ፤ ጾም ሲገባ እኛ የምንበላውን ከመስጠት ሌላ አማራጭ ብዙም አላየሁም።

መልስ፦ የትንንሽ እንስሳት ሐኪም

ውድ ጠያቂ፣ የጻፉት ነገር ጉዳዩን በእጅጉ ያጠራዋል። ባለቤትዎ ቤት መቀየሩን ከበሽታው ጋር ማገናኘታቸው ልክ ሊሆን ይችላል፤ መንገዱ ግን ናፍቆት ሳይሆን ወለሉ ነው።

በአንድ ቤት ውስጥ ካለው የቁንጫ ብዛት በእንስሳው ላይ የሚገኙት ጎልማሶቹ ከመቶ አምስት ያህሉ ብቻ ናቸው፤ የቀረው እንቁላል፣ እጭና ገና በሽፋኑ ውስጥ የተጠቀለለ ቁንጫ ሆኖ በምንጣፍ፣ በሶፋ ስፌት፣ በወለል ስንጥቅና በአልጋ ሥር ይቀመጣል። አንዲት እንስት ቁንጫ በቀን እስከ 40 እና 50 የሚደርስ እንቁላል ትጥላለች፤ እንቁላሉም ከጸጉር ላይ ተንሸራቶ እንስሳው በሚተኛበት ሁሉ ይረግፋል። ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭ ከብርሃን ሸሽቶ ይደበቃል፤ ከዚያ ድር ሠርቶ ይጠቀለላል። በዚያ ሽፋን ውስጥ ያለው ቁንጫ ደም የሚያገኝበት እንስሳ እስኪመጣ ለወራት መቆየት ይችላል፤ የሚያስወጣውም የእግር ንዝረት፣ የገላ ሙቀትና የምንተነፍሰው አየር ነው። ተዘግቶ የቆየ ቤት ሲከፈትና ሰው ሲገባበት ቁንጫዎቹ በአንድ ጊዜ ብዙ ሆነው የሚወጡት በዚህ ምክንያት ነው። በግቢ ሳለች ውጭ ታድርና ትዘዋወር የነበረች ድመት ደግሞ አሁን ቀኑንም ሌሊቱንም ቁንጫው በተከማቸበት በዚያው ጨርቅና ምንጣፍ ላይ ትተኛለች። አለርጂ ከዕድሜ ጋር እየዳበረ የሚመጣ ነገር ስለሆነ፣ ቀድሞ ያልነበረባት አሁን ሊጀምራት መቻሉም የሚያስገርም አይደለም።

ሕክምናው እንግዲህ በድመቷና በቤቱ ላይ አብሮ የሚሄድ ነው፤ አንዱ ብቻውን ከንቱ ድካም ይሆናል። ለድመት የተዘጋጀውን መድኃኒት በየወሩ፣ ቢያንስ ለሦስት ተከታታይ ወራት ታገኛለች፤ በወለሉ ላይ የቀሩት ተራ በተራ ሲወጡ በእርሷ ላይ እየሞቱ እንዲያልቁ ነው። ሌላ ድመት ወይም ውሻ በቤቱ ካለ እርሱም በየዓይነቱ መድኃኒቱን ማግኘት አለበት። የምትተኛበትን ጨርቅ በየሳምንቱ በ60 ዲግሪ ውኃ ያጥቡ፤ ምንጣፉን አንሥተው በፀሐይ ያራግፉ፤ ቫክዩም ካለ የአልጋ ሥሩንና የሶፋውን ስፌት ይምጠጡበት፣ ከረጢቱንም ወዲያው ከቤት ያውጡ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቁንጫ እንደገና ቢያዩ መድኃኒቱ አልሠራም ብለው አያቋርጡ፤ ቀድሞ የተጠቀለለው እየወጣ ነው። ድመቷ ቁንጫ ስትውጥ የኮሶ ዘር የሆነ ትል ሊይዛት ስለሚችል፣ በመቀመጫዋ አካባቢ የሩዝ ፍሬ የሚመስል ነገር ካዩ ለሐኪሙ ይንገሩ። የልጆቹ ነጠብጣብ ከቁርጭምጭሚት ሳይወጣ ከቆየ የቁንጫ ንክሻ ነው፤ ክብ ሆኖ ጠርዙ እየሰፋ ከሄደ ግን ጭርት ሊሆን ስለሚችል ልጆቹንም ድመቷንም ማስመርመር ይገባል፤ የድመት ጭርት ወደ ሰው ይተላለፋል።

ምናልባት አንድ ሰው «አንድ መርፌ ተወግታ ዳነች» ብሎ ይነግርዎ ይሆናል። ለረጅም ጊዜ የሚቆየው የስቴሮይድ መርፌ የየትኛውንም አለርጂ ማሳከክ ለሳምንታት ያጠፋል፤ ምክንያቱን ግን ከዓይናችን ይሸሽገዋል፣ ሲደጋገምም ድመትን ለስኳር በሽታ ሊዳርጋት ይችላል። ማሳከኩ በጣም ከበረታባት ሐኪሙ ለአጭር ጊዜ የሚዋጥ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል፤ መርፌው የመጀመሪያ እርምጃ መሆን ግን የለበትም። በአንገቷ ላይ የሚታሰረው ፕላስቲክ አንገትጌም እንዲሁ ነው፤ የቆሰለ ቦታ ካለ ከጥርሷ ይከላከላል፣ ማሳከኩን ግን አያስቀርም፤ መላስ የተከለከለች ድመት ቁንጫዎቿንም ማስወገድ ስለማትችል ያለ መድኃኒት ብቻውን ማሰሩ ይጎዳታል።

ስለ ምግቧ ያነሡት ትልቅ ነገር ነው። ድመት በተፈጥሮዋ ሥጋ በል ናት፤ ታውሪን የተባለውን ለልብና ለዓይን የሚያስፈልግ ንጥረ ነገር፣ ቆዳዋንና ጸጉሯን የሚጠብቁትንም አንዳንድ ቅባቶች ከእህልና ከጥራጥሬ አታገኝም፤ ጾም ለእርሷ ሊሆን አይችልም። የሁዳዴን 55 ቀናት በእንጀራና በሽሮ ያሳለፈች ድመት ጸጉሯ ቢደርቅና ቆዳዋ በቀላሉ ቢቆጣ የሚጠበቅ ነው። ከዚያ የሚብሰው ግን ሽሮው ውስጥ ያለው ነው፤ ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ የበሰለውም ቢሆን፣ የድመትን ቀይ የደም ሴሎች እየሰበረ ደም ማነስ ያመጣል። በጾም ጊዜ ለእርሷ ብቻ በሌላ ዕቃ የሚበስል፣ ሽንኩርትም ቅመምም የሌለበት ሥጋ፣ የተቀቀለ እንቁላል ወይም ዓሣ ይስጧት። በቤት የሚበስል ምግብ ብቻውን ዓመቱን ሙሉ የተሟላ ስለማይሆን፣ ከቻሉ ለድመት የተዘጋጀውን ምግብ መሠረት ያድርጉ። ሳንባ ለማጣፈጫ ይሆናል እንጂ ዋና ምግብ አይደለም፤ ጉበት በየቀኑ መስጠት ደግሞ ቫይታሚን ኤ አከማችቶ አጥንቷን ይጎዳል።

የምግብ አለርጂ አላት ብዬ አሁን መናገር አልችልም። ቁንጫው ከቤት ከጠፋ በኋላ መንጨቷ ከቀጠለ ግን ቀጣዩ ፈተና እርሱ ነው። በድመቶች ላይ አለርጂ በማስነሣት በብዛት የሚታወቁት የበሬ ሥጋ፣ ዓሣና ዶሮ ናቸው። ፈተናውም ቢያንስ ለስምንት ሳምንታት ቀድሞ በልታው የማታውቀውን አንድ ዓይነት ሥጋ፣ ለምሳሌ የፍየል ወይም የጥንቸል፣ ብቻውን በሐኪም ክትትል እየሰጡ መላሷ መቀነሱን ማየት ነው። በዚህ ጊዜ ልጆች ከገበታ ሥር የሚጥሉላት አንዲት ቁራሽ ፈተናውን ስለምታበላሽ፣ ለቤተሰቡ ሁሉ አስቀድመው ይንገሩ። በደም ምርመራ የምግብ አለርጂን እንለያለን የሚልዎ ካለ ገንዘብዎን ይጠብቁ፤ ለዚህ የሚታመነው መንገድ ይኸው የምግብ ፈተና ነው።

መልስ፦ ባለ ሁለት ድመት፣ ባሕር ዳር

ስለ ጥናቱ የሰጡት ማብራሪያ ጠቃሚ ነው፤ እኔም ድመቴን በማበጠሪያው እመለከታታለሁ። አንድ ጥያቄ አለኝ፦ በከተማችን የሚገኙት ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ የሚያክሙት ከብትና በግ ነው። ወደ እነርሱ ስንሄድ ምን ይዘን ብንሄድ ሥራቸውን እናቀልላቸዋለን?

መልስ፦ የትንንሽ እንስሳት ሐኪም

ጥያቄው ለብዙዎች ይጠቅማል። የእንስሳት ሐኪም የተማረው ስለ ሁሉም እንስሳ ነው፤ በክሊኒኩ ማይክሮስኮፕ ካለ ጸጉሩንና የቆዳውን ፍቅፋቂ ማየት ይችላል። ጉዳዩ ከከበደ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ቢሾፍቱ፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲም ጎንደር ላይ የእንስሳት ሕክምና ማስተማሪያ ስላላቸው፣ ለባሕር ዳር ሰው ጎንደር ይቀርባል።

ድመቷ በክሊኒክ ጠረጴዛ ላይ ፈርታ ምንም ስለማታሳይ፣ በቤት ስትልስ በስልክዎ ቪዲዮ ቀርጸው ይውሰዱ፤ ሲቻል ሽንት ስትሸናም ይቅረጹ። ከተመለጠው ቦታ ጠርዝ የተነቀለ ጸጉር በንጹሕ ወረቀት ጠቅልለው፣ ከማበጠሪያው የወጣውንም ብናኝ በግልጽ ፕላስተር ላይ አጣብቀው ይያዙ። የምትበላውን ሁሉ፣ የልጆችን ጉርሻ ጨምሮ፣ ጽፈው ይሂዱ። መላሱ የጀመረበትን ወቅት፣ በዚያ ሰሞን በቤቱ የተለወጠውን ነገርና የተሰጣትን ማንኛውንም መድኃኒት ሳይደብቁ ይንገሩ፤ ፍሊት ተነፍቶባት ከሆነም እንዲሁ። ከቀጠሮው በፊት ባሉት ቀናት ግን አያጥቧት፤ ታጥባ በመጣች ድመት ቆዳ ላይ የምንፈልገውን ማግኘት ይቸግረናል።